በስፔን ቅኝ ግዛት ውስጥ ሰው «ዘሩን» መቀየር ይችል ነበር?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሜክሲኳውያን ናቸው። በቅርቡ ሙዚየም ውስጥ አባት፣ እናትና ልጅ የተሳሉባቸው ተከታታይ የድሮ ሥዕሎች አየሁ። በእያንዳንዱ ላይ ‹ከስፔናዊና ከኢንዲያ ሜስቲሶ ይወለዳል› ዓይነት ጽሑፍ አለ። 16 ዓይነት ሰው ቆጠርኩ። እውነት ስፔኖች ሰውን በ16 ደረጃ ከፋፍለው ነው የገዙት? አንድ ሰው ከደረጃው መውጣትስ ይችል ነበር? ይህን ያህል ከተከፋፈሉ ደግሞ ዛሬ ሁሉም ‹እኛ ቅልቅል ነን› የሚለው እንዴት ሆኖ ነው?»

ምላሽ፦

ሥዕሎቹ እውነተኛ ናቸው። 16 ደረጃ ያለው ሕግ ግን አልነበረም። ሰውም ከተመዘገበበት ስም መውጣት ይችል ነበር፤ ብዙዎች ወጥተዋል። የሦስተኛው ጥያቄዎ መልስ ያለው እዚሁ ሁለተኛው ውስጥ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያዩዋቸው «የካስታ» (የዘር ክፍል) ሥዕሎች ይባላሉ። አብዛኞቹ የተሳሉት በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ያኔ «ኑዌቫ ኤስፓኛ» ትባል በነበረችው ሜክሲኮ ነው። ሚጌል ካብሬራ በ1763፣ አንድሬስ ደ ኢስላስ በ1774 የሠሯቸው በጣም የታወቁ ናቸው። ማን ነበር የሚያሠራቸው? ብዙ ጊዜ የንጉሡ እንደራሴዎች፣ ጳጳሳትና የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ስፔናውያን ሹሞች። የፔሩ እንደራሴ ማኑዌል አማት በ1770 እንዲህ ያሉ 20 ሥዕሎች ወደ ስፔን ልኳል። የላከው ለተፈጥሮ ታሪክ ስብስብ ነው። ልብ ይበሉ፤ ሰዎቹ ከዕፅዋቱና ከአእዋፉ ጋር አብረው እንዲታዩ ነው። በአንዳንዶቹ ሥዕሎች ጥግ ላይ የአገሩ ፍራፍሬ ተደርድሮ፣ ስሙም ተጽፎ ያገኛሉ። እንግዲህ «ያ ሩቅ አገር ምን ያፈራል?» ብሎ ለሚጠይቅ የማድሪድ ሰው የተዘጋጀ ማሳያ ነው። ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ ያለ ጸሐፊ ሰው ሲመዘግብ ቀና ብሎ የሚያየው ሰንጠረዥ አልነበረም።

ሒሳቡን አንዴ ልንገርዎትና እንለፈው። ስፔናዊ ከአገሬው ተወላጅ ሴት («ኢንዲያ» ትባላለች፣ ወንዱ «ኢንዲዮ») ሲወልድ ልጁ ሜስቲሶ ነው። ሜስቲሶ ከስፔናዊት ሲወልድ ካስቲሶ። ካስቲሶ ከስፔናዊት ሲወልድ ልጁ ተመልሶ ስፔናዊ ይሆናል። በሦስት ትውልድ ጠራ ማለት ነው። ከጥቁር ሲጀምር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ሙላቶ (የስፔናዊና የጥቁር ልጅ)፣ ቀጥሎ ሞሪስኮ፣ ቀጥሎ አልቢኖ እያለ ይሄድና አሁንስ ነጣ ሲባል «ቶርና አትራስ» ላይ ይወድቃል። ወደ ኋላ ተመላሽ እንደ ማለት ነው። ነጭ የሚመስሉ ወላጆች ጠቆር ያለ ልጅ ይዘው ይሳላሉ። መልእክቱ አያሻማም፦ የተወላጁ ደም ይጠራል፣ የአፍሪካዊው ደም ግን ተደብቆ ይጠብቃል።

ወደ ታች ሲወርዱ ሠዓሊዎቹ ስም ያለቀባቸው ይመስላል። «በአየር ላይ ቁም» የሚባል አለ። «አልገባኝም» የሚባልም አለ። «አልገባኝም» ተብሎ ተመዝግቦ ግብር የከፈለ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሥዕሎቹ ስብከትም አለባቸው። የኢስላስን አራተኛ ሥዕል ይዩት። ቦታው ወጥ ቤት ነው። ጥቁሯ ሚስት የስፔናዊ ባሏን ፀጉር በአንድ እጇ ጨምድዳ፣ በሌላው የወጥ ቤት ዕቃ አንስታበታለች። ትንሿ ልጃቸው የእናቷን ቀሚስ ይዛ ትጎትታለች። ስፔናዊው ከተወላጅ ሴት ጋር በሆነበት ሥዕል ግን ቤቱ ሰላም ነው፣ ልብሱም ያማረ ነው። ሠዓሊው ማንን ማግባት እንደማይገባ እየነገረን ነው።

የሐሳቡ ሥር ከአሜሪካ በፊት ነው። በ1449 የቶሌዶ ከተማ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የገቡ ሰዎችንና ዘሮቻቸውን ከሹመት የሚከለክል ደንብ አወጣች። «የደም ንጽሕና» የሚባለው ነገር ከዚያ ተስፋፋ። መጀመሪያ የሚቆጠረው የአያት ቅድመ አያት ሃይማኖት ነበር። ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ ነው ከቀለም ጋር የተጣበቀው።

አሁን ወደ ሕጉ። ሕጉ የሚያውቃቸው ክፍሎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። መጀመሪያ የታሰበው ሁለት ሕዝብ ጎን ለጎን ሊኖር ነው። ስፔናውያን በራሳቸው ከተማ፣ ተወላጆች ደግሞ በራሳቸው መንደር፣ በራሳቸው ሹማምንትና በራሳቸው ምክር ቤት። የተወላጆቹ ባላባቶች «ዶን» ተብለው ይጠሩ ነበር፣ ከግብርም ነፃ ነበሩ። ሥርዓቱ ገና ከመጀመሪያው ያላሰባቸው ሰዎች ነበሩ፤ አፍሪካውያንና ቅልቅሎቹ። ለእነሱ ሕጉ እየተጣፈ፣ እየተቀጠለ ነው የሄደው።

ታዲያ በዕለት ኑሮ ልዩነት የሚያመጣው ምን ነበር? አንደኛ ግብር። ተወላጅ ይከፍላል። ነፃ የወጣ ጥቁርና ሙላቶም ይከፍላል። ሜስቲሶና ስፔናዊ አይከፍሉም። ሁለተኛ ኢንኩዊዚሽን። ይህ የሃይማኖት ችሎት በ1571 ሜክሲኮ ውስጥ ሲቋቋም ተወላጆች ከሥልጣኑ ውጪ ተደረጉ፤ ለእምነቱ አዲስ ናቸው ተብሎ። ስለዚህ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ሜስቲሶ መሆን ያዋጣል። ኢንኩዊዚሽን ሲጠራ ደግሞ ኢንዲዮ መሆን። ሰዉም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። በችሎቱ መዛግብት ውስጥ በጥንቆላ ወይም በሁለት ጋብቻ ተከሰው «እኔ እኮ ኢንዲዮ ነኝ፣ ልትዳኙኝ አትችሉም» ያሉ ሰዎች አሉ። ችሎቱም ምስክር ይጠራል። ምን ይለብሳል? ምን ቋንቋ ይናገራል? ጎረቤት ማን ብሎ ያውቀዋል?

ጥያቄዎቹን አስተውሉልኝ። የፊት ቀለም አንዱ ማስረጃ ብቻ ነው። ስፔኖቹ «ካሊዳድ» የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ እኛ «ማንነቱ፣ ክብሩ» ብለን የምንጠቀልለው ዓይነት። ሥራው፣ ልብሱ፣ ሀብቱ፣ ያገባው ሰው፣ በሕጋዊ ትዳር መወለዱ፣ በሰፈር ያለው ስም ተደምሮ ነው ሰው «ምን» እንደሆነ የሚወሰነው።

የሚጽፈው ደግሞ ቄሱ ነው። ብዙ አጥቢያዎች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገባቸውን ለይተው ይይዙ ነበር፤ ለስፔናውያን አንድ፣ ለቅልቅሎች አንድ፣ ለተወላጆች አንድ። ቄሱ ሕፃኑን ያያል፣ አባትየውን ያያል፣ የክርስትና አባት ሆኖ የቆመው ማን እንደሆነ ያያል። ከዚያ አንዱን መዝገብ ይገልጣል። የአባትየው ሱቅ የደራ ከሆነና የክርስትና አባቱ የተከበረ ነጋዴ ከሆነ ብዕሩ ወደ ላይኛው መዝገብ ቢያዘነብል አይገርምም። የሜክሲኮ የነፃነት ጀግና ሆሴ ማሪያ ሞሬሎስ በ1765 ሲጠመቅ ወላጆቹ ስፔናውያን ተብለው ነው የተመዘገቡት። ቤተሰቡ ግን ቅልቅል እንደነበር ይታወቃል።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የ1692 ወረቀት ነው። በዚያ ዓመት በሰኔ ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ በቆሎ ጠፋ። ሕዝቡ ተነሣና የእንደራሴውን ቤተ መንግሥት አቃጠለ። ሹሞቹ ደነገጡ። «ተወላጆቹ ከመሀል ከተማ ወጥተው ወደየሰፈራቸው ይመለሱ» የሚል ትእዛዝ ወጣ፣ የተወላጆቹ አጥቢያ ቄሶችም አስተያየታቸውን ተጠየቁ። መልሳቸው አቤቱታ ነው። ሰዎቻችን ከስፔኖች ግቢ እየተከራዩ ጠፉብን ይላሉ። ወንዱ ካልሲና ጫማ ያደርጋል፣ ፀጉሩን ያሳድጋል። ሴቷ የስፔኖቹን ዓይነት ቀሚስ ትለብሳለች። ከዚያ «ሜስቲሶ ነን» ብለው የእኛን ደብር ትተው ካቴድራል ሄደው ይቆርባሉ። ጫማና ካልሲ ነው እንግዲህ። በ16 ሥዕል አንድ ትውልድ የሚፈጀውን ጉዞ አንድ ሰው በጥቂት ወራት ይሄደው ነበር።

እርስዎ የሚኖሩበት ከተማም የዚህ ታሪክ አካል ነው። ሎስ አንጀለስ በ1781 ስትቆረቆር ከሶኖራና ከሲናሎአ የመጡ 11 ቤተሰቦች፣ በጠቅላላው 44 ሰዎች ሠፈሩባት። ስም ዝርዝራቸው አለ። ከአዋቂዎቹ «ስፔናዊ» የተባሉት ሁለት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ የሁለቱም ሚስቶች ተወላጆች ነበሩ። ሌሎቹ ኢንዲዮ፣ ሙላቶ፣ ጥቁር፣ ሜስቲሶ ተብለው ተጽፈዋል። ከሠፋሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አፍሪካዊ ደም ነበራቸው። በ1790 እንደገና ቆጠራ ሲደረግ ማኑዌል ካሜሮ ከሙላቶነት ወደ ሜስቲሶነት ተዛውሯል። ኢንዲዮ የነበረው ፓብሎ ሮድሪጌስ ደግሞ «ኮዮቴ» ሆኗል፤ ከሜስቲሶና ከተወላጅ የተወለደ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ነው ያለፈው። ሰዎቹ ያው ናቸው። መሬት አገኙ፣ ቤት ሠሩ፣ ሰው አወቃቸው፣ መዝጋቢውም ከፍ አደረጋቸው።

ከፌርፋክስ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ የሚያቋርጥዎት ፒኮ ቡለቫርድ የተሰየመው በፒዮ ፒኮ ነው። ካሊፎርኒያ በሜክሲኮ እጅ ሳለች የመጨረሻው ገዥዋ እሱ ነበር። በ1790ው ቆጠራ ሴት አያቱ ሙላታ ተብላ ትገኛለች። በቅኝ ግዛቱ ጠረፍ ላይ ከሙላታ አያት እስከ አገረ ገዥነት ሁለት ትውልድ በቃ።

ይህን ስል ታዲያ ሥርዓቱ የዋህ ነበር ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በመዝገብ ላይ የሚንሸራተተው አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ነው፤ መሰላሉ ራሱ ባለበት ቆሟል። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ከ100 ሺህ በላይ አፍሪካውያን በባርነት ወደ ሜክሲኮ ተግዘዋል። ለባሪያ ካልሲና ጫማ ምንም አይፈይድለትም። በ1571 የወጣ ንጉሣዊ ሕግ ጥቁርና ሙላታ ሴቶች ነፃ ቢሆኑም እንኳ ወርቅ፣ ዕንቁና ሐር እንዳይለብሱ ይከለክላል። ስፔናዊ ያገባች ብቻ የወርቅ ጉትቻ ይፈቀድላታል። በ1625 በሜክሲኮ ከተማ ያለፈው እንግሊዛዊ መነኩሴ ቶማስ ጌጅ ደግሞ የእነዚሁ ሴቶች ሐርና ዕንቁ ዓይኑን እንደያዘው ጽፏል። ሕጉ አልተከበረም ማለት ነው። ግን ሕጉ ነበር፤ የሚጠላሽ ሰው ባሰኘው ቀን ሊያነሣብሽ የሚችል።

በሽያጭም ነበር። ዘውዱ በ1795 የልዩ ፈቃዶች ዋጋ ዝርዝር ሲያወጣ «ፓርዶ» የተባለ፣ ማለትም አፍሪካዊ ደም ያለው ሰው፣ 500 ሬአል ከፍሎ ከዚያ ስም እንዲላቀቅ የሚያስችል መስመር ተጨመረ። ወረቀቱን ያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ጩኸቱ ግን ብዙ ነበር። የካራካስ ከተማ ምክር ቤት፣ ማለትም የአገሩ ነጭ ባላባቶች፣ በቀጣዩ ዓመት ለንጉሡ ከባድ ተቃውሞ ላኩ። «እነዚህ ሰዎች ከእኛ ጎን ሊቀመጡ ነው» ነው ነገሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1776 ወጥቶ በ1778 ወደ አሜሪካ የተሻገረው የጋብቻ ሕግም ወላጆች ልጃቸው እኩያው ያልሆነን እንዳያገባ እንዲከለክሉ ሥልጣን ሰጥቷል። ቅልቅሉ እየበዛ በሄደ ቁጥር ከላይ ያሉት በሩን አጥብቀው ሊዘጉ ሲሞክሩ ያያሉ። እኔ የካስታ ሥዕሎቹንም የማነባቸው እንዲህ ነው። እነዚያ ንጹሕ ሣጥኖች የተሳሉት ሣጥኖቹ መፍሰስ ስለጀመሩ ነው።

ነጮቹም በመካከላቸው አይዋደዱም ነበር። ስፔን የተወለደው አሜሪካ ከተወለደው «ክሪዮዮ» ይበልጣል፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ትልልቁ ሹመት ለመጤው ሆነ። ይህ ቂም ለነፃነት ጦርነቱ ያደረገው አስተዋፅኦ የታወቀ ስለሆነ አልዘገይበትም።

ስለ ባህሉ መቀላቀል ሰው ሲያወራ ብዙ ጊዜ ትልልቅ ነገሮችን ያነሣል። እኔ ወጥ ቤቱን አስቀድማለሁ። የስፔኖቹን ልጆች የሚያጠቡት፣ የሚያሳድጉትና የሚያበስሉላቸው ተወላጅና ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ባልደረቦችዎ ሞሌ የሚባለውን የሜክሲኮ ወጥ ይዘው መጥተው ያውቁ ይሆናል። በውስጡ ያለው ቃሪያና ካካዎ የአገሬው ነው። ሰሊጡና አልሞንዱ ስፔኖች ያመጡት ነው። ቀረፋውና ቅርንፉዱ የእስያ ነው። ከ1565 እስከ 1815 ከማኒላ አካፑልኮ ይመላለሱ የነበሩት መርከቦች ቅመም ብቻ ሳይሆን ሰውም ጭነው ነበር። በእግረ መንገድ ልንገርዎት፤ የእኛ በርበሬ ራሱ የዚያ አህጉር ተክል ነው። ከኮሎምበስ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም፤ ወጡ በቆንዶ በርበሬና በጥምዝ ነበር የሚያቃጥለው።

ሁለተኛው ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጥቁሮችና ሙላቶዎች የራሳቸው «ኮፍራዲያ» ነበራቸው። እድርንና የጽዋ ማኅበርን አንድ ላይ አድርገው ያስቡት፤ በአንድ ቅዱስ ስም ተሰብስበው መዋጮ ያወጣሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ፣ በበዓሉ ታቦት እንደማንገሥ ምስሉን ተሸክመው ይዞራሉ። ከአፍሪካ የመጣው ዜማና ውዝዋዜ በዚህ በር ነው አደባባይ የወጣው። ሊማ ውስጥ ከአንጎላ የመጣ ባሪያ በ1651 ገደማ በጭቃ ግድግዳ ላይ የሳለው የተሰቀለው ክርስቶስ በ1655 መሬት ተንቀጥቅጦ ዙሪያው ሲፈርስ ሳይነካ ቀረ። ዛሬ በየጥቅምቱ ሊማ ሐምራዊ ለብሳ የምትወጣለት «የተአምራት ጌታ» እሱ ነው። አሁን ሀብታሙም ድሃውም ይከተለዋል፤ የተጀመረው ግን በባሮች ሰፈር ነው።

እኛንም የሚነካ ነገር አለ። ለጥቁሮች ማኅበራት ከተመረጡት ቅዱሳን አንዷ «ሳንታ ኤፊጄኒያ» ነች። በካቶሊኩ ትውፊት ሐዋርያው ማቴዎስ ያጠመቃት የኢትዮጵያ ልዕልት ናት። በፔሩ ጠረፍ፣ በካኜቴ፣ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች እስከ ዛሬ በመስከረም ያከብሯታል። በጎረቤት ብራዚል ደግሞ ከእሷ ጋር አብሮ የሚቆመው «ሳንቶ ኤሌስባዎ» የኛው ዐፄ ካሌብ ነው።

ሠዓሊዎቹም ቀላቅለዋል። በፔሩ፣ ኩስኮ ካቴድራል ውስጥ ማርኮስ ሳፓታ በሳለው የመጨረሻ እራት ጠረጴዛው መካከል የቀረበው ሳህን ላይ እግሩን ወደ ላይ ዘርግቶ የተጠበሰ የአንዲስ እንስሳ ነው፤ አብዛኛው ሰው «ኩይ» (የጊኒ አሳማ የሚባለው ትንሽ እንስሳ) ነው ይላል። እኔ ይህን ተቃውሞ ነው ብዬ አላጋንነውም። ለአንዲስ ሰው የበዓል ምግብ እሱ ነው፤ ሌላ ምን ያቅርብ?

አሁን «ሁላችንም ቅልቅል ነን» ወደሚለው እንምጣ። ሞሬሎስ በ1813 ባርነትም የዘር ልዩነትም ይቅር ብሎ ጽፎ ነበር። ሜክሲኮ ነፃ ከወጣች በኋላ በመስከረም 1822 ሰውን በዘሩ መለየት በመንግሥትም በቤተ ክርስቲያንም መዝገብ እንዲቀር ታወጀ። በ1829 ፕሬዚዳንቱ ቪሴንቴ ጌሬሮ፣ እሱ ራሱ አፍሪካዊ ዝርያ ያለው ሰው፣ ባርነትን ሻረ። መልካም ነገር ነው፤ ግን ከዚያ ወዲህ ማን የት እንደገባ የሚያሳይ ወረቀት የለም። ከሜክሲኮ አብዮት በኋላ በ1920ዎቹ መንግሥት አዲስ ታሪክ ሲያስተምር ስፔናዊውንና ተወላጁን አጋብቶ «ሜስቲሶ ሕዝብ» አለ። ሦስተኛው ወላጅ ከታሪኩ ወጣ።

እዚህ ላይ ነው ማኑዌል ካሜሮን የማስታውሰው። ሙላቶ መባል ግብርና ንቀት የሚያስከትል ከሆነ፣ ሜስቲሶ መባል ደግሞ የሚቻል ከሆነ፣ አስተዋይ ሰው ሜስቲሶ ይሆናል። ልጆቹም ሜስቲሶ ይሆናሉ። ብዙ ሺህ ሰው ይህንኑ ሲያደርግ ጥቁሮቹ ሳይሞቱም ሳይሰደዱም ከመዝገብ ይጠፋሉ። ያ የመውጫ በር ነው ዛሬ ባልደረቦችዎ ስለ አፍሪካዊ አያት ያልሰሙበት ዋናው ምክንያት።

ሜክሲኮ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸውን ዜጎቿን በሕገ መንግሥቷ ስም ጠርታ ያወቀችው በ2019 ነው። በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቁ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች «አዎ፣ ነኝ» ብለዋል። ከባልደረቦችዎ መካከል ከጌሬሮ ወይም ከኦአሃካ ጠረፍ የመጣ ካለ ስለ ኮስታ ቺካ (ያ ጠረፍ የሚጠራበት ስም ነው) ይጠይቁት። የጌሬሮ ክፍለ ሀገር ስሙን ያገኘው ከዚያው ፕሬዚዳንት ነው፤ በኮስታ ቺካም በሙታን መታሰቢያ ቀን ጭንብል አድርገው፣ የአህያ መንጋጋ አጥንት እያንኳኩ የሚጨፍሩት «የሰይጣኖች ጭፈራ» አለ። «አንተ ከየትኛው ነህ?» ብለው አይጀምሩ እንጂ። ስለ ጭፈራው ይጠይቁ፤ ስለ አያቱ ራሱ ይነግርዎታል።